ባዶ ነው የተባለው ሲዲ

ባለፈው የካቲት አንድ ቅዳሜ ጋሼ ከመሐል ሜዳ መጡ። የእናቴ ዘመድ ናቸው፣ ጡረታ የወጡ አስተማሪ። በሌሊት ተሳፍረው ጣርማበርን በጉም አልፈው ደብረ ብርሃን ሲገቡ ገና ሦስት ሰዓት አልሞላም። ሌላ ጊዜ እንደገቡ ሻይ ነው የሚሉት። ያን ቀን ግን ገና ቁጭ ሳይሉ ከዳዊታቸው ማኅደር ውስጥ በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ ሲዲ አወጡ።

«ልጄ፣ ይሄን ሁለት ቦታ ወስጄው ባዶ ነው አሉኝ። አንቺም አይተሽ ባዶ ነው ካልሽኝ እተወዋለሁ።»

ነገሩ እንዲህ ነው። በ1992 ታናሽ ወንድማቸው ለጥምቀት ከአሜሪካ መጥቶ ነበር። እናታቸውን ቁጭ አድርጎ ድምፃቸውን ቀረጸ፣ በዚያን ጊዜ ብርቅ በነበረው ዲጂታል ካሜራ ፎቶ አነሳ፣ የዘር ሐረጉንም እየጠየቀ ጻፈ። ሲመለስ ሁሉንም በራሱ ኮምፒውተር አሰናድቶ ሲዲ ላይ ጻፈና ላከላቸው። መሐል ሜዳ ያኔ ሲዲ የሚከፍት ሰው ከየት ይገኛል? አስቀመጡት። እናታቸው በ1994 አረፉ። ወንድምየውም አሁን በሕይወት የለም። ስለዚህ ሌላ ቅጂ የለም ማለት ነው፣ ያለው እሱ ብቻ ነው።

ይሄን ጽሑፍ የምጽፈው ለዚህ ነው። በየቤቱ ቁም ሳጥን ውስጥ እንዲህ ዓይነት ሲዲ እንዳለ አውቃለሁ። ከፍታችሁ ትንሽ ነገር ብቻ ካያችሁ፣ ወይም አንድ ሰው «ባዶ ነው» ካላችሁ፣ እባካችሁ አትጣሉት። አንድ ሲዲ ላይ ከአንድ በላይ ፋይል ሲስተም፣ ማለትም የፋይሎች ማውጫ፣ ሊኖር ይችላል። ኮምፒውተሩ የሚያሳያችሁ ደግሞ አንዱን መርጦ ነው፣ ስለ ሌላው አንድ ቃል አይተነፍስም።

ላፕቶፔ ሲዲ ማጫወቻ የለውም፣ አሁን የማንም የለውም። ከጎረቤት በዩኤስቢ የሚሰካ ሲዲ ድራይቭ ተዋስኩ። መጀመሪያ ሲዲውን ወደ ብርሃን አዙሬ አየሁት። ጭረት አለው፣ ግን የከፋ አይደለም። በለስላሳ ጨርቅ ከመሐል ወደ ጠርዝ ቀጥ ቀጥ አድርጌ ጠረግሁት። ዙሪያውን እያሽከረከራችሁ አትጥረጉ። ዳታው የተጻፈው በክብ መስመር ስለሆነ በዚያው አቅጣጫ የወጣ ጭረት ረጅም የዳታ ቁራጭ ይዞ ይሄዳል፣ አቋራጭ ጭረት ግን ትንሽ ትንሽ ብቻ ነው የሚነካው።

ከፈትኩት። አንድ አጭር የሰላምታ ጽሑፍና ሁለት ትንንሽ ፎቶ። በቃ። ሲደመር አንድ ሜጋባይት እንኳ አይሞላም። ሌሎቹ ያዩት ይሄን ነው፣ «ሌላው ባዶ ነው» ያሉትም ለዚህ ነው፣ አልፈርድባቸውም።

እኔን ያስቆመኝ አንድ ቁጥር ነው። ሲዲው ራሱ 431 ሜጋባይት ተጽፎበታል። የሚታየው አንድ፣ የተጻፈው 431! ይሄን ማነጻጸር ማንም ሰው ያለ ምንም ሙያ ሊያደርገው ይችላል። የፋይሎቹን ድምርና የዲስኩን መጠን ጎን ለጎን ማየት ብቻ ነው። እንዲህ ከተራራቁ የሆነ ቦታ ሌላ ማውጫ አለ።

ማውጫ ያልኩት ፋይል ሲስተምን ነው። ሲዲ ላይ ዳታው የሚቀመጠው እያንዳንዳቸው 2048 ባይት በሆኑ ሴክተሮች ነው። ፋይል ሲስተሙ «ይሄ ስም ያለው ፋይል ከዚህኛው ሴክተር ጀምሮ ይሄን ያህል ነው» የሚል መዝገብ ነው። አብዛኛው የዳታ ሲዲ የሚጠቀመው በፈረንጅ በ1988 እንደ ዓለም አቀፍ ደረጃ የወጣውን አይኤስኦ 9660 ነው (ከዚህ በኋላ የኮምፒውተር ነገር የወጣበትን ዓመት ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጠራው)። ይሄ ደረጃ አንድ ልማድ አለው። የመጀመሪያዎቹን 16 ሴክተሮች፣ ማለትም 32768 ባይት፣ አይነካቸውም። የራሱን መዝገብ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው።

የድሮ የብራና ወንጌል አይታችሁ ከሆነ ይገባችኋል። መጀመሪያው ላይ ያልተጻፈባቸው ቅጠሎች ይተዋሉ። ከዘመናት በኋላ ሌላ ሰው እዚያ ባዶ ቅጠል ላይ የርስት ውል ይጽፋል፣ የጉልት ስጦታ ይጽፋል። ወንጌሉን ሊያነብ የመጣ ቄስ ያንን ቅጠል ገልጦ ያልፈዋል። የመሬት ክርክር ያለበት ሰው ግን መጽሐፉን የሚፈልገው ለዚያች ቅጠል ነው። ሲዲውም ላይ የሆነው እንደዚያ ነው። አፕል በ1985 ለማኪንቶሽ ያወጣው ኤችኤፍኤስ የሚባል የራሱ ፋይል ሲስተም ነበረው፣ ማክ ደግሞ የሚያየው የዲስኩን መጀመሪያ ነው፣ አይኤስኦ ባዶ የተወውን ቦታ። ስለዚህ እንደ ቶስት ያሉ የማክ ሲዲ መጻፊያ ፕሮግራሞች የአፕሉን የክፍልፋይ ሰንጠረዥ፣ ዲስኩ እንዴት እንደተከፋፈለ የሚናገረውን ዝርዝር፣ በዚያች ባዶ ቦታ ላይ ያስቀምጡና አንዱን ሲዲ ለሁለቱም ያደርጉታል። ዊንዶውስ ላይ ሲገባ የአይኤስኦው ማውጫ ይነበባል፣ ማክ ላይ ሲገባ የኤችኤፍኤሱ። ሁለቱ ማውጫዎች አንድ ዓይነት ፋይል እንዲያሳዩ ማድረግ ይቻላል፣ የተለያየ እንዲያሳዩ ማድረግም ይቻላል። ሁለቱም አንድን ፋይል ካሳዩ ዳታው ሁለት ጊዜ መጻፍ አያስፈልገውም፣ ሁለቱም ወደ አንድ ቦታ ይጠቁማሉ።

«ጋሼ፣ ወንድምዎ ይጠቀም የነበረው ኮምፒውተር ምን ዓይነት ነው?» አልኳቸው። ዝም ብለው አሰቡ። «በሥዕል አሳይቶኛል። የተገመጠ ፍሬ ነበረበት።»

እዚያ ላይ ልቤ ደስ አለው።

መጀመሪያ ግን ኢሜጅ መሥራት። ይሄን ሳላደርግ አሮጌ ሲዲ ላይ ምንም አልሞክርም። ኢሜጅ ማለት ዲስኩን ከመጀመሪያው ሴክተር እስከ መጨረሻው እንዳለ አንድ ፋይል አድርጎ መገልበጥ ነው፣ ማውጫውንም ባዶውንም ሁሉንም። ከፎልደር ወደ ፎልደር ኮፒ ብታደርጉ የሚመጣው የሚታየው ብቻ ነው፣ የተደበቀው እዚያው ይቀራል። ኢሜጅ ከሠራችሁ በኋላ ደግሞ ሲዲውን ወደ ማኅደሩ መልሳችሁ የፈለጋችሁትን ያህል ቅጂው ላይ መሞከር ትችላላችሁ።

ለዚህ ሊኑክስ ላይ (በዊንዶውስ ፈንታ የሚጫን ነፃ የኮምፒውተር ሥርዓት ነው) ዲዲ ሬስኪው የሚባለውን ፕሮግራም ነው የምጠቀመው። የሴክተሩን መጠን 2048 አድርጌ፣ መጀመሪያ በቀላሉ የሚነበበውን ብቻ እንዲያነብ፣ ከዚያ የተቸገረበትን ተመልሶ ሦስት ጊዜ እንዲሞክር። በጣም የምወድለት ነገር ደግሞ ምን እንዳነበበና ምን እንደቀረው በትንሽ ፋይል መመዝገቡ ነው። ግማሽ ላይ መብራት ሄደ፣ የላፕቶፔ ባትሪ ደግሞ ከሞተ ቆይቷል። ጋሼ ደነገጡ። «አይዞዎት፣ ካቆመበት ይቀጥላል» አልኳቸው፣ እስኪመጣ ሻዩ ተፈላ። መብራቱ ተመለሰ፣ ያንኑ ትዕዛዝ ደግሜ ሰጠሁት፣ ካቆመበት ቀጠለ። መጨረሻ ላይ 96 ሴክተሮች እምቢ አሉ። ከ431 ሜጋባይት ውስጥ 96 ሴክተር ማለት 200 ኪሎባይት እንኳ አይሞላም። እሰየው አልኩ።

አሁን ኢሜጁን መጠየቅ ነው። ዋይፕ ኤፍኤስ የሚባል የሊኑክስ ትዕዛዝ አለ። ስሙ ያስፈራል፣ ምክንያቱም ማጥፋትም ይችላል። ያለ ምንም ተጨማሪ ምልክት የፋይሉን ስም ብቻ ከሰጣችሁት ግን የሚያሳያችሁ ዝርዝር ብቻ ነው፣ የትኛው ፋይል ሲስተም የትኛው ባይት ላይ ፊርማውን እንዳስቀመጠ። አደራ፣ የማጥፊያውን ምልክት እንዳትጨምሩ፣ ይልቅ ቅጂውን ሁለት አድርጋችሁ ጀምሩ። የእኔው ሁለት ነገር አወጣ። ባይት 32769 ላይ የአይኤስኦው ፊርማ አለ፣ ሲ፣ ዲ፣ 0፣ 0፣ 1 የሚሉት አምስት ምልክቶች። ከዚያ በፊት ደግሞ፣ እዚያው ዲስኩ መጀመሪያ ላይ፣ የአፕል የክፍልፋይ ሰንጠረዥ። «ጋሼ፣ ባዶ አይደለም» አልኳቸው። ማየት እንጂ መናገር አልቻሉም።

ማክ ያለው ጓደኛ አለኝ። ቀላሉ መንገድ እሱ ጋ መላክ መሰለኝና ኢሜጁን ላክሁለት። አልከፈተም! የአሮጌው ኤችኤፍኤስ ነገር እንደዚህ ነው። አፕል ራሱ ማክ ኦኤስ 10.6 ላይ መጻፉን አቁሞ ማንበቡን ብቻ ተወ፣ በ2019 ከወጣው ካታሊና ጀምሮ ደግሞ ማንበቡንም ተወ። የ1998ቱን ኤችኤፍኤስ ፕላስ ያነባል፣ አሮጌውን ግን አያውቀውም። ፋይል ሲስተሙን የፈጠረው ቤት የማያነበውን ሊኑክስ እስከ ዛሬ ያነባል። ይሄ ነገር ሁሌም ያስደንቀኛል።

ስለዚህ ኢሜጁን በሉፕ አሰርኩት፣ ከነክፍልፋዮቹ እንደ ዲስክ እንዲያየው ነግሬ። ሁለት ክፍልፋይ ወጣ። አንደኛው ራሱ ሰንጠረዡ ነው፣ ሁለተኛው ደግሞ የምንፈልገው። ማውንት ሲደረግ (ማለትም ማውጫው ተነብቦ ፎልደሮቹ እንዲከፈቱ ሲደረግ) ዓይነቱን በግልጽ መንገር ነው ቁልፉ። ዝም ብላችሁ ሙሉውን ኢሜጅ ማውንት ካደረጋችሁ ሊኑክስም ያንኑ ሦስት ፋይል ያሳያችኋል። «ኤችኤፍኤስ ነው፣ ለማንበብ ብቻ» ብዬ ሁለተኛውን ክፍልፋይ ማውንት አደረግሁት።

ፎልደሮቹ ተዘረገፉ። አንዱ ፎቶ፣ አንዱ ድምፅ፣ አንዱ ጽሑፍ፣ አንዱ ፎንት። ጋሼ ስክሪኑን በጣታቸው ነኩት።

ማየት አንድ ነገር ነው፣ በትክክል መቅዳት ሌላ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ሦስት ነገር አለ።

ቀኑ ይጠበቅ። ስትቀዱ የፋይሉን የመጀመሪያ ቀን እንዲጠብቅ አድርጋችሁ ቅዱ፣ አለበለዚያ ሁሉም የዛሬን ቀን ይይዛል። የፎቶዎቹ ቀን ጃንዋሪ 20 ቀን 2000 ይላል። በእኛ ጥር 11 ቀን 1992፣ ራሱ ጥምቀት። ጋሼ ሰዉን እያዩ «ይሄ የከተራ ነው ወይስ የዕለቱ?» እያሉ ሲከራከሩ ከነበሩት ውስጥ ቀኑ ስንቱን ፈታ።

ስሞቹም አሉ። ማክ ላይ የፋይል ስም ውስጥ እዝባር ይፈቀድ ነበር፣ ሊኑክስ ደግሞ ያንን እዝባር በሁለት ነጥብ ተክቶ ያሳያል። ወንድምየው ቀን እየጻፈ ነበር ስም የሚያወጣው። በቀጥታ ወደ ፍላሽ ለመቅዳት ስሞክር ፍላሹ ሁለት ነጥብ ያለበትን ስም አልቀበልም አለ፣ ግማሹ ተቀድቶ ግማሹ ቀረ። መጀመሪያ ወደ ሃርድ ዲስክ ቀዳሁ፣ ስሞቹን አስተካከልኩ፣ ከዚያ ወደ ፍላሽ። ቅጥያ የሌላቸውም ብዙ ናቸው። አሮጌው ማክ የፋይሉን ዓይነት በስሙ ላይ አይጽፍም፣ ፋይል ሲስተሙ ውስጥ ለብቻው ነው የሚይዘው። ሲቀዳ ያ መረጃ ይጠፋል። ሊኑክስ የፋይሉን ይዘት አይቶ ዓይነቱን የሚናገር ትዕዛዝ ስላለው አንድ በአንድ እያየሁ ቅጥያ ጨመርኩ።

ሦስተኛው ከሁሉም ይብሳል። ፎንቶቹ ሁሉ ዜሮ ባይት ሆነው መጡ።

አልጠፉም። አሮጌው ማክ አንድን ፋይል በሁለት ክንፍ ይከፍለዋል፣ አንዱ ዳታ፣ ሌላው ሪሶርስ ይባላል። ፎንቱ ያለው ሪሶርሱ ውስጥ ነው። ተራ ኮፒ ዳታውን ብቻ ነው የሚያመጣው፣ የፎንት ዳታ ክንፍ ደግሞ ባዶ ነው። ኤችኤፍኤስ ዩቲልስ የሚባሉ ትንንሽ ፕሮግራሞች አሉ፣ ከነሱ ውስጥ ኤች ኮፒ የሚባለው ሁለቱን ክንፎች አንድ ላይ አስሮ ማክባይነሪ በሚባል ቅርጽ ያወጣል። በዚያ ቀዳኋቸው። ከዚያ ፎንዱ የሚባል ፕሮግራም ከማክባይነሪው ውስጥ ተራ ትሩታይፕ ፎንት አወጣልኝ።

ፎንቱን ይሄን ያህል የፈለግሁት ለዘር ሐረጉ ነው። ግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ፣ ኮምፒውተሮች ሁሉ በሚጋሩት የፊደል ደረጃ ውስጥ፣ የገባው በ1999 በወጣው በ3.0 እትሙ ነው። ከዚያ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመት፣ እያንዳንዱ የአማርኛ ፎንት በላቲን ፊደሎች ቦታ ላይ የራሱን ፊደል በራሱ አደራደር ነበር የሚያስቀምጠው። የዚያ ዘመን አማርኛ ያለ ፎንቱ ሲከፈት የእንግሊዝኛ ፊደልና የሥርዓተ ነጥብ ዝብርቅርቅ ነው። ሰነዱ የተጻፈው ክላሪስወርክስ በሚባል የድሮ የማክ መጻፊያ ፕሮግራም ነው፣ ነፃው ሊብሬኦፊስ ይከፍተዋል። ከፈትኩት፣ ዝብርቅርቅ። ፎንቱን ጫንኩና ደግሜ ከፈትኩት። አማርኛ! ሰባት ትውልድ፣ በእናትም በአባትም፣ ከነመንደሩ። ይሄን ፎንት ሲዲው ላይ አብሮ ያስቀመጠ ሰው አርቆ አሳቢ ነበር። እባካችሁ እናንተም አሮጌ የአማርኛ ሰነድ ስታስቀምጡ ፎንቱን አብራችሁ አስቀምጡ።

ማክ ያልነካው ሲዲም ቢሆን ከአንድ በላይ ማውጫ ሊኖረው እንደሚችል እግረ መንገዴን ልንገራችሁ። ዋናው አይኤስኦ በመጀመሪያ ደረጃው የሚፈቅደው ስም ስምንት ፊደልና ሦስት ፊደል ቅጥያ ብቻ ነው። ለዚህ ነው ማይክሮሶፍት በ1995 ጆሊዬት የሚባል ሁለተኛ ማውጫ እዚያው ሲዲ ላይ የጨመረው፣ እስከ 64 ፊደል የሚወስድ። የዩኒክስ ሰዎች ደግሞ ሮክ ሪጅ የሚባል አላቸው። ስሞቹ ተቆርጠው ወይም በጥያቄ ምልክት ተሞልተው ካያችሁ ማውንት ስታደርጉ ጆሊዬትን ተው ብላችሁ ሞክሩ፣ ሌላኛውን ያሳያችኋል። ዲቪዲ ላይ ዩዲኤፍ የሚባል ሌላ ፋይል ሲስተም ይጨመራል፣ የሱ መነሻ ሴክተር 256 ላይ ነው። ሰቨን ዚፕ ዊንዶውስ ላይ አይኤስኦንም ዩዲኤፍንም ያወጣል፣ ለነዚህ ሊኑክስ አያስፈልጋችሁም። በተለያየ ቀን እየተጨመረ የተጻፈ ሲዲ ከሆነ ደግሞ የሚታየው የመጨረሻው ቀን ማውጫ ነው፣ የመጀመሪያውን ሴሽን በቁጥሩ ጠርታችሁ ማየት ትችላላችሁ። ኢሜጁ በቢን ቅጥያ ከመጣ ሴክተሩ ብዙውን ጊዜ 2352 ባይት ስለሚሆን ቢቸንክ በሚባለው ፕሮግራም ወደ አይኤስኦ ለውጡት፣ እንዳለ ማውንት አይሆንም።

ወደ ጋሼ ልመለስ። ድምፁን መጨረሻ ያስቀረሁት ሆን ብዬ ነው።

አንድ ፋይል ነው፣ 38 ደቂቃ። ያልታመቀ ስለሆነ በደቂቃ 10 ሜጋባይት ገደማ ይወስዳል፣ ከሲዲው አብዛኛውን የያዘው እሱ ነው። ያልተነበቡት 96 ሴክተሮችም የወደቁት እሱ ላይ ነው። ዲዲ ሬስኪው ያላነበበውን ቦታ ዜሮ አድርጎ ስለሚተወው ድምፅ ላይ ሲመጣ ዝምታ ይሆናል። አስልቼዋለሁ፣ ከአንድ ሰከንድ ትንሽ ይበልጣል። ነገርኳቸው። «አንድ ሰከንድ ምን አላት» አሉ።

ከፈትኩት። መጀመሪያ የእሳት ድምፅ ተሰማ፣ ከዚያ ዶሮ። ከዚያ እናታቸው። ስለ በግ ጸጉር ነበር የሚያወሩት፣ ለባናው፣ ለሱፍ ብርድ ልብሱ፣ እንዴት እንደሚፈተል፣ የትኛው ጸጉር ለየትኛው እንደሚሆን። መሐል ላይ «እሺ እማዬ፣ አሁን ቁጠሪልኝ» ይላል ወንድምየው። እሳቸውም ከራሳቸው ጀምረው ወደ ላይ መቁጠር ጀመሩ። አባት፣ አያት፣ ቅድመ አያት። ጋሼ ዓይናቸውን ጨፍነዋል፣ ከንፈራቸው አብሮ ይቆጥራል። አምስተኛው ላይ ሲደርሱ «የእሱ አባት» አሉ እናትየው፣ ድምፁም ቀጥ አለ። ያቺ ሰከንድ እዚያ ነበረች።

ጋሼ ስሙን ጮክ ብለው አሉት። ወዲያው የእናታቸው ድምፅ ተመልሶ ስድስተኛውን ጠራ።

የዘር ሐረጉን ሰነድ ከፍቼ አየሁ። አምስተኛው ላይ ያለው ስም ጋሼ ያሉት ነው።

«እስቲ ከቁጠሪልኝ ጀምረሽ ድገሚልኝ» አሉኝ።